ራስን መከላከልና የመሸሽ ግዴታ

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል፣ በተማሪዎች የክርክር ማኅበር ስም የተደረገ ንግግር)



ከክርክር ማኅበራችን የተሰጠኝ ርእስ «ሰው ሊያጠቃው ከመጣ ሰው መሸሽ ይገባዋልን ወይስ አይገባውም?» የሚል ነው። በዚሁ ጥያቄ ላይ ባለፈው ጊዜ በተከራከርን ጊዜ አብዛኞቻችን «ወንድ ልጅ አይሸሽም» በሚለው ወገን እንደ ቆምን፣ ጭብጨባውም ሁሉ ለዚሁ ወገን እንደ ሆነ የነበራችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ። በጭብጨባ የሚያልፍ አሳብ ግን አንድ ነገር ነው፤ ያው አሳብ ሕግ ሆኖ ተጽፎ ሰው ሲታሰርበትና ሲፈታበት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ይህ አሳብ በሕግ ወደ ተጻፈበት አገር፣ ወደ አሜሪካ ተሻግሬ፣ እዚያ በፍርድ ቤት የታዩትን የተኩስ ነገሮች እርስ በርሳቸው ላነጻጽር አስቤአለሁ። የምጠቅሰው ዘመን፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩ ሩቅ ነው የሚል ቢኖር፣ ከመካከላችን ወንድሙ ወይም አክስቱ በአሜሪካ የማይኖር ስንት እንደ ሆነ ይቍጠር። ከነዚሁ ወገኖቻችን ብዙዎቹ በነዳጅ ማደያ፣ በሱቅና በታክሲ ሥራ ሌሊት የሚያድሩ ናቸው። የሚኖሩበት አገር ሕግ መሣሪያ ስለ ያዘ ሰው ምን እንደሚል ማወቅ ለእነርሱ የዕለት ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ መሠረቱን እንመልከት። ራስን መከላከል በየትም አገር ሕግ የታወቀ መብት ነው። ሊገድለው የመጣውን ሰው የገደለ እንደ ነፍሰ ገዳይ አይቈጠርም። ነገር ግን ዳኛ ሁልጊዜ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ። ጠቡን የጀመረው ማን ነው? አደጋው በዚያችው ደቂቃ የደረሰ ነበርን ወይስ ያለፈ ወይም ገና የሚመጣ? የተመለሰው አጸፋስ ከአደጋው ጋር የሚመጣጠን ነበርን? በነዚህ ላይ የእንግሊዝ የጥንት ሕግ አንድ ጥያቄ ይጨምር ነበር፤ ይኸውም «ሳትገድለው ልታመልጥ ትችል አልነበረምን?» የሚል ነው። በጠብ መካከል የተገኘ ሰው የሚያፈገፍግበት መንገድ ሳለው ቢገድል፣ ሕጉ በደለኛ ያደርገው ነበር። ከዚህ ግዴታ ነጻ የሚሆነው በገዛ ቤቱ ያለ ሰው ብቻ ነው። የሰው ቤቱ ምሽጉ ነው የሚለው መርሕ በ1604 በእንግሊዝ አገር ከተፈረደ ነገር የመጣ ነው። ሰው ከቤቱ ሸሽቶ ወዴት ይሄዳል?

ይህ ሕግ አትላንቲክን ተሻግሮ አሜሪካ ሲገባ ጠባዩ ተለወጠ። በ1876 የኦሃዮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ጥፋት የሌለበት እውነተኛ ሰው ሊገድለው ከመጣ ሰው ለመሸሽ አይገደድም ብሎ ፈረደ። በሚከተለው ዓመት የኢንዲያና ፍርድ ቤት ደግሞ የአሜሪካ ሰው መንፈስ መሸሽን የሚጠላ መሆኑን ጠቅሶ ወደዚሁ አዘነበለ። እንግዲህ «ወንድ ልጅ አይሸሽም» የምንለው የእኛ ብቻ እንዳይመስለን፤ የኦሃዮ ዳኞችም ብለውታል። በ1921 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከቴክሳስ የመጣ ነገር ቀረበለት። አንድ ሠራተኛ ቢላ ይዞ የመጣበትን ሰው በሽጉጥ ገድሎ ተፈርዶበት ነበር። ኦሊቨር ዌንደል ሆምዝ የተባለው ስመ ጥር ዳኛ ፍርዱን ሻረ፤ ምክንያቱም ቢላ በተነሣበት ሰው ላይ የሰከነ ማስተዋል ሊጠየቅ አይችልም የሚል ነበር። ይህ አነጋገር እውነት አለው። ከሸንጎ ወንበር ላይ ተቀምጦ «በስተግራ በኩል በር ነበረልህ» ማለት ቀላል ነው። ሆኖም ሆምዝ መሸሽ ይቻል እንደ ነበረ ፈጽሞ አይታይ አላለም፤ ከሌሎቹ ነገሮች ጋር አብሮ ይመዘን አለ እንጂ። ይህን ልዩነት አደራ አስቡልኝ፤ ኋላ የጠፋው እርሱ ነው።

በ2005 በሚያዝያ ወር የፍሎሪዳ አገረ ገዥ ጄብ ቡሽ አዲስ ሕግ ፈረመ። በእንግሊዝኛ «ስታንድ ዩር ግራውንድ» ይባላል፤ «ከቆምህበት አትነቃነቅ» እንደ ማለት ነው። ሕጉ የሚለው ባጭሩ እንዲህ ነው። ማንም ሰው ሊገኝበት በሚገባው ስፍራ ሁሉ፣ በመንገድም ቢሆን በገበያ፣ ሕግ የሚጥስ ሥራ እየሠራ ካልተገኘ በቀር፣ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት ሊደርስብኝ ነው ብሎ በበቂ ምክንያት ካመነ ሳይሸሽ መግደል ይችላል። በቤቱ ወይም በመኪናው ውስጥ በኀይል የገባበት ሰው ካለ፣ መፍራቱ እንደ ተረጋገጠ ይቈጠርለታል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የመጨረሻው ክፍል ነው፤ ይኸን መብት የተጠቀመ ሰው ነጻ የሚባለው ከተከራከረ በኋላ ብቻ ሳይሆን፣ ከመከሰስም አስቀድሞ ነው። ፖሊስ የተኩሱን ሕገ ወጥነት የሚያሳይ በቂ ምክንያት ካላገኘ ሊያስረው አይችልም። ከተከሰሰም ዋናው ክርክር ሳይጀመር አንድ ዳኛ ለብቻው ሰምቶ ሊያሰናብተው ይችላል። የሟች ቤተ ዘመድም ካሣ መጠየቅ አይችልም። በ2017 ደግሞ ሕጉ ተሻሽሎ፣ በዚያ ቅድመ ክርክር የማስረዳቱ ሸክም ከተከሳሹ ላይ ተነሥቶ በዐቃቤ ሕግ ላይ ተጫነ። የፍሎሪዳን ምሳሌ የተከተሉ ክፍላተ ሀገር ዛሬ ከ25 ይበልጣሉ።

አሁን ወደ ነገሮቹ እንምጣ።

በዓለም ሁሉ የተሰማው የሳንፎርድ ከተማ ነገር ነው። ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2012 ማታ ትሬይቮን ማርቲን የተባለ የ17 ዓመት ጥቁር ልጅ ከሱቅ ከረሜላና የሚጠጣ ነገር ገዝቶ ሲመለስ፣ የሰፈር ጠባቂ ሆኖ ይዘዋወር የነበረው ጆርጅ ዚመርማን ተጠራጥሮት ወደ ፖሊስ ስልክ መታ። ስልኩን የተቀበለው ሰው፣ ልጁን መከተል አያስፈልግም አለው። ከዚያ በኋላ ጠብ ተነሣ፤ ዚመርማን ተኩሶ ልጁን ገደለው። ልጁ መሣሪያ አልያዘም። ፖሊስ ገዳዩን በዚያች ሌሊት ለቀቀው፤ የታሰረው ከ44 ቀን በኋላ ነው። በጁላይ 2013፣ ከሕዝብ የተመረጡ ስድስት ሴቶች፣ ማለት ጁሪ የሚባሉት ፈራጆች፣ ነጻ አወጡት።

ብዙ ሰው ይህን ሰው ነጻ ያወጣው ይኸው አዲሱ ሕግ ነው ይላል። ጠበቆቹ ግን ከክርክሩ በፊት የሚሰማውን የነጻነት ጥያቄ አላቀረቡም። የተከራከሩት «ልጁ በጀርባው አስተኝቶ ጭንቅላቱን ከድንጋይ ንጣፉ ጋር ሲያጋጨው ነበር፤ ሊሸሽ ቢወድም አይችልም ነበር» ብለው ነው፤ ይህም የቀድሞው ራስን የመከላከል ሕግ ነው። ይሁን እንጂ ዳኛዋ ለጁሪዎቹ ባነበበችው መመሪያ ውስጥ፣ ሰውየው የመሸሽ ግዴታ የለበትም የሚለው የአዲሱ ሕግ ቃል ነበረበት። እንግዲህ ሕጉ በበሩ ሳይጠራ በመስኮት ገባ ማለት ነው። ከሁሉም ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ፣ ከመጀመሪያው ልጁን መከተሉ በክርክሩ ውስጥ ያገኘው ስፍራ ትንሽነት ነው። ስለዚያች የመጨረሻ ደቂቃ ከልጁ አፍ ሊሰማ የሚችል ቃል አልነበረም፤ ሙት አይመሰክርም።

በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር በጃክሰንቪል ከተማ ሌላ ነገር ሆነ። አራት ወጣቶች መኪናቸውን በነዳጅ ማደያ አቁመው ሙዚቃ ከፍ አድርገው ይሰማሉ። አጠገባቸው የቆመ ሰው «ቀንሱ» አለ፤ ተነጋገሩ፤ ሰውየው ከመኪናው ሽጉጥ አውጥቶ 10 ጊዜ ተኰሰ። ጆርዳን ዴቪስ የተባለ የ17 ዓመት ልጅ ሞተ። ገዳዩ «ጠመንጃ ሲያወጡ አይቻለሁ» አለ፤ ፖሊስ ግን አንዳችም ጠመንጃ አላገኘም። መኪናዋ እየሸሸች ሳለም ተኵሷል። ከዚያም ወደ ሆቴሉ ሄዶ እራት አዘዘ እንጂ ለፖሊስ አልደወለም። የመጀመሪያዎቹ ጁሪዎች በሦስቱ የመግደል ሙከራዎች ጥፋተኛ ሲሉት በዋናው ግድያ ሳይስማሙ ቀሩ፤ በኦክቶበር 2014 ሌሎች ጁሪዎች በግድያውም ፈረዱበት፤ ዕድሜ ልክ ታሰረ።

የነዚህን ሁለት ነገሮች ልዩነት ፈልጉት። ሁለቱም ገዳዮች «ፈራሁ» ብለዋል፤ ሁለቱም ሟቾች የ17 ዓመት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም መሣሪያ አልነበራቸውም። በሁለተኛው ነገር ግን ሦስት ጓደኞች በሕይወት ተርፈው መስክረዋል። ገዳዩ ከተኰሰ በኋላ ያደረገው ሁሉ የፈራ ሰው ሥራ አልነበረም። በፊተኛው ነገር ግን ከጠቡ በሕይወት የተረፈው ገዳዩ ብቻ ነበር፤ በፊቱና በጭንቅላቱም ላይ ቍስል ታይቷል።

ሁለት ሌሎች ነገሮችን ደግሞ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ፤ እነዚህ ለእኔ ከፊተኞቹ ይልቅ ያስደንቃሉ። በጃንዋሪ 2014 በታምፓ አቅራቢያ በሚገኝ ሲኒማ ቤት፣ ጡረታ የወጣ የ71 ዓመት የፖሊስ መኰንን ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው ስልክህን አጥፋ አለው። ሰውየው በስልኩ ስለ ትንሽ ልጁ ይጻጻፍ ነበር። ክርክሩ በረታና ሰውየው ፈንዲሻውን በሽማግሌው ፊት ላይ በተነው፤ ሽማግሌው ተኵሶ ገደለው። ዳኛው በ2017 የሁለቱንም ወገን ምስክር ሰምታ፣ በአዲሱ ሕግ ከክስ ነጻ ልትሆን አይገባህም አለችው። ነገሩ ግን እየተጓተተ በ2022 ጁሪዎች ፊት ሲቀርብ፣ ሽማግሌው በዕድሜዬ ከእኔ ወጣትና ግዙፍ ከሆነ ሰው የሚመጣውን ምት አልችልም ብሎ አስረድቶ ነጻ ወጣ።

በጁላይ 2018 ደግሞ በክሊርዋተር ከተማ አንድ ሰው በአንዲት ሴት ላይ፣ መኪናሽን ለአካለ ስንኩላን በተከለለ ስፍራ አቁመሻል ብሎ ይጮኽባታል። ባልንጀራዋ ከሱቁ ወጥቶ ሰውየውን ገፍትሮ ጣለው። የወደቀው ሰው ተቀምጦ ሽጉጥ ሲያወጣ ገፍታሪው ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመረ፤ በዚያችው ቅጽበት ተተኰሰበትና ሞተ። የአውራጃው ሸሪፍ ሕጉን ጠቅሶ አላስርም አለ። ዐቃቤ ሕጉ ግን በሚከተለው ወር ከሰሰው፤ በኦገስት 2019 ጁሪዎች ጥፋተኛ አሉት፤ 20 ዓመት ተፈረደበት።

እንግዲህ ተመልከቱ፤ ሸሪፍ አላስረውም ያለው ሰው ታሰረ፤ ዳኛ አይገባህም ያለችው ሰው ነጻ ወጣ። ሕጉ አንድ ነው፤ ክፍለ ሀገሩም አንድ ነው። የክሊርዋተሩን ነገር የለየው በሱቁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካሜራ በቀን ብርሃን የቀረጸው ሥዕል ይመስለኛል። ገዳዩ «ሊመታኝ ሲመጣ ነው» ቢልም፣ ጁሪዎቹ የሟቹን እግር ወደ ኋላ ሲራመድ በዐይናቸው አዩት። ካሜራው ባይኖር ኖሮ ያው የአንድ ወገን ቃል ብቻ ይቀር ነበር።

የሴቶቹን ወገን ጥያቄ ላነሡት እኅቶቻችን ደግሞ ይህን ልንገራቸው። በ2010 በዚያው በጃክሰንቪል አንዲት ጥቁር እናት፣ ከዚህ ቀደም ይደበድባት በነበረው ባልዋ ፊት አንድ ጥይት ወደ ግድግዳ ተኰሰች። ማንም አልቈሰለም። ከጠቡ ወጥታ ወደ መኪና ማቆሚያው ከገባች በኋላ ሽጉጥ ይዛ ስለ ተመለሰች፣ በሕጉ ልትጠቀም አትችልም ተባለ። እርስዋ የመኪና ማቆሚያው በር አልከፈት ብሎኝ ነው አለች። ጁሪዎቹ በ12 ደቂቃ ውስጥ ፈረዱባት፤ ቅጣቱም በመሣሪያ ለተሠራ ወንጀል የተወሰነ 20 ዓመት ስለ ነበረ ዳኛው ሊቀንሰው አልቻለም። በ2013 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ ለጁሪዎቹ የተነበበው መመሪያ ፍርሃትዋን እንድታረጋግጥ ሸክሙን በእርስዋ ላይ ጥሏል ብሎ ፍርዱን አፈረሰው። በመጨረሻ ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተስማምታ በ2015 መጀመሪያ ከእስር ቤት ወጣች። የተኰሰ ሰው ሁሉ ነጻ ይወጣል የሚባለው ሐሰት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን፤ ጥያቄው ማን ይወጣል ነው።

በዚህ ላይ ቍጥር ያለው ማስረጃ አለ። ታምፓ ቤይ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ በ2012 በፍሎሪዳ ሕጉ የተጠቀሰባቸውን ወደ 200 የሚጠጉ ነገሮች ሰብስቦ መረመረ። ጥቁር ሰው ከገደሉት መካከል 73 ከመቶው ያለ ቅጣት ሲቀሩ፣ ነጭ ሰው ከገደሉት ያለ ቅጣት የቀሩት 59 ከመቶ ናቸው። በ2017 በአንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ደግሞ፣ ሕጉ ከወጣ በኋላ በፍሎሪዳ ግድያ በጠቅላላው ወደ 24 ከመቶ፣ በመሣሪያ የሚደረገውም ወደ 32 ከመቶ መጨመሩን አሳየ። ሕጉን የሚደግፉት ሰዎች፣ ወንጀለኛ ሰው ታጥቆ ይሆናል ብሎ ሲሰጋ ከጥፋት ይታቀባል ብለው ነበር። እንዲያ አልሆነም።

የሕጉ ደጋፊዎች የሚሉትን ሁሉ ግን ልናቃልለው አይገባም። በጨለማ መንገድ የምትሄድ ሴት ሰው ቢይዛት፣ ኋላ ዳኛ ተቀምጦ «ስንት እርምጃ ልትሮጪ ትችዪ ነበር?» ብሎ ቢለካላት ፍርድ አይደለም። የሆምዝ ቃል ለእንደዚህ ያለው ነገር የተነገረ ነው። የኒው ዮርክ ሕግም ይህን ዐውቆ፣ የመሸሽ ግዴታ ያለው በፍጹም ደኅንነት ማምለጥ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው ይላል። መንገድ የሌለውን አይሽሽ ብሎ አያስጨንቀውም። ይህ ለእኔ የተሻለ ሚዛን ነው።

ከመሸሽ ሕግ ይልቅ ስለ ፍርሃት የሚያስተምረን ግን የአንድ ተማሪ ነገር ነው። ዮሺሂሮ ሐቶሪ የተባለ የ16 ዓመት ጃፓናዊ፣ ለትምህርት ልውውጥ አሜሪካ ሄዶ በሉዊዚያና በባተን ሩዥ ከተማ በአንድ ቤተ ሰብ ዘንድ ይኖር ነበር። በኦክቶበር 1992 ከቤቱ ልጅ ጋር ወደ ድግስ ሲሄዱ ቤት ተሳስተው የሌላ ሰው ደጅ መቱ። የቤቱ ጌታ ሽጉጥ ይዞ ወጣና በእንግሊዝኛ «ፍሪዝ!» አለ፤ ባለህበት ቁም ማለቱ ነው። ልጁ ቃሉን አልተረዳውም ተብሎ ይታመናል፤ ወደ ፊት ተራመደ፤ ተተኰሰበትና ሞተ። በ1993 ጁሪዎች ገዳዩን ነጻ አወጡት። በ1994 ግን ስለ ካሣ በተደረገው ክርክር ሌላ ዳኛ ነገሩን ሰምቶ፣ መግደል አያስፈልግም ነበር ብሎ ለወላጆቹ ከ600 ሺህ ዶላር የሚበልጥ ካሣ ፈረደላቸው። የፍሎሪዳ ሕግ እንደ ወጣ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁለተኛው በር ይዘጋ እንደ ነበረ ልብ በሉ።

በአገራችን ሰው ሰውን ለማስቆም «በሕግ አምላክ!» ይላል። የሰማውም፣ ቢቈጣም ቢታጠቅም ይቆማል፤ ያስቆመውም ተያይዘው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ያ ቃል የሚሠራው ተናጋሪውም ሰሚውም ትርጕሙን ስለሚያውቁትና ከቃሉ በኋላ ጥይት ሳይሆን ዳኛ እንደሚከተል ስለሚታመን ነው። ባተን ሩዥ ላይ የጎደለው ይኸው ነው።

እንዲህ ያለው ስሕተት ዛሬም አልቀረም። በአፕሪል 2023 በሁለት ቀን ልዩነት፣ በካንሳስ ሲቲ ታናናሽ ወንድሞቹን ሊወስድ ሄዶ የተሳሳተ ደወል የደወለ የ16 ዓመት ልጅ በአንድ የ84 ዓመት ሽማግሌ ተተኰሰበትና በተአምር ተረፈ። በኒው ዮርክ ገጠር ደግሞ መኪናቸው የተሳሳተ ግቢ ከገባ ወጣቶች መካከል አንዲት የ20 ዓመት ልጅ ተተኰሰባትና ሞተች። የኒው ዮርኩ ሰው በ2024 በግድያ ተፈረደበት። የካንሳስ ሲቲው ሽማግሌ በ2025 ጥፋቱን አምኖ፣ ቅጣቱ ሳይነገር ሞተ።

የእኛስ ሕግ ምን ይላል? በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ ዛሬ የምንሠራበት የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ፣ ስለ ሕጋዊ መከላከል የሚናገር አንቀጽ አላቸው፤ በአሁኑ ሕግ 78ኛው ነው። ጥቃቱ ሕገ ወጥና ወዲያው የሚደርስ መሆን አለበት፤ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይቻል መሆን አለበት፤ መከላከሉም ከአደጋው ጋር መመጣጠን አለበት። «ሽሽ» የሚል ቃል በአንቀጹ ውስጥ የለም፤ ነገር ግን «በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይቻል» የሚለው ለዳኛው ሁሉንም እንዲመዝን ይፈቅድለታል፤ ማምለጫውንም ጭምር። የሚከተለው አንቀጽ 79 ደግሞ ከመጠን ያለፈውን ሰው ይመለከታል። መጠን ያለፈው ከጥቃቱ የተነሣ በሚገባ ፍርሃት፣ በድንጋጤ ወይም በመረበሽ ከሆነ፣ ዳኛው ከቅጣት ሊምረው ይችላል። ሕጋችን የፈራን ሰው አልረሳውም ማለት ነው። ልዩነቱ፣ በፍሎሪዳ ፍርሃት ነገሩን ከዳኛ ፊት አስቀድሞ ሊያስቀረው ይችላል፤ በእኛ ዘንድ ግን ፍርሃቱ ራሱ በዳኛ ፊት ቀርቦ ይመረመራል።

እኔ በሚቀጥለው ክርክራችን የምቆመው በዚህ ወገን ነው። «አይሸሽም» በሚለው ወገን የምትቆሙ ጓደኞቼ፣ የሲኒማ ቤቱን ሽማግሌና የግድግዳውን ጥይት የተኰሰችውን እናት በአንድ ሕግ እንዴት እንደምታስታርቁልን ተዘጋጅታችሁ እንድትመጡ እጠይቃለሁ።